የተስተካከለው ዘፈን

«ይቺ የምትዘፍነው ማናት? ድምጿ ደስ ይላል» አለች ሻካራ፣ ፊቷን ለፓውደሩ ሰጥታ ዓይኗን እንደጨፈነች።

ሜካፕ ሠሪዋ ብሩሹን አየር ላይ አቁማ ሳቀች። «ትቀልጃለሽ? አንቺ ነሽ እኮ!»

ሻካራ ዓይኗን ገለጠች። ድምፁ የሚመጣው ከግድግዳው ወዲያ ካለው ትልቁ ስቱዲዮ ነው። ግጥሙ የራሷ ነው፤ ዜማውም የራሷ። «የስንቱን ሙሽራ ሸሚዝ፣ እኔ አሙቄ ሰደድኩት» ይላል። የምትዘፍነው ልጅ ግን ሌላ ናት። ጉንፋን ይዟት የማያውቅ፣ እንፋሎት ፊቷን ገርፏት የማያውቅ፣ ገና አሁን ከረሜላ ከአፏ ያወጣች የምትመስል ልጅ። የገዛ ድምፅን ሰምቶ «ማናት?» ብሎ መጠየቅ ምን ዓይነት ነገር ነው? መጀመሪያ አፈረች። ቀጥሎ ደሟ ፈላና ከወንበሩ ተነሳች።

«የት ነው? ቆይ እንጂ፣ አንዱ ቅንድብሽ አላለቀም!»

«አንዱ ይበቃል» አለችና ወጣች።

ሻካራ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ያወጣችላት ታላቅ እህቷ ናት። ልጅ ሆና ከግቢው በር ላይ ስትጣራ፣ የሰማት ሁሉ ሳያስበው የራሱን ጉሮሮ ይጠርግ ነበር። ያ ድምፅ ከዕድሜ ጋር ይለሰልሳል ተብሎ ተጠበቀ፤ ይባስ ብሎ ጠነከረ። አሁን ሠላሳ ሊሞላት ነው። ከዚህ ውስጥ ስምንቱን ዓመት ያሳለፈችው ላውንድሪ ቤት ካውያ ስትገፋ ነው፤ የሰው ሸሚዝ፣ የሰው ኮት፣ የሰው የሠርግ ሱሪ። ዘፈኗንም የጻፈችው እዚያው ቆማ፣ አንገትጌ እየተኮሰች ነው።

ባንዱ ሦስት ሰው ነው። እሷ ትዘፍናለች። ቤዝ ጊታር የሚመታው ጋሼ፣ የላውንድሪውን ማሽኖች የሚጠግን፣ በጉብዝናው ዘመን በየሠርጉ ሲጫወት የኖረ ሰው ነው። ከበሮ የሚመታው የአክስቷ ልጅ በሞተር ብስክሌት ዕቃ ያደርሳል፤ ስሙ ጥድፊያ ነው፤ ለምን እንደተባለ አሁን ትደርሱበታላችሁ። የላውንድሪው ባለቤት እሑድ እሑድ የጓሮውን ክፍል የምትፈቅድላቸው በአንድ ውል ነው፤ እነሱ ሲለማመዱ የሆቴሎቹ አንሶላ ይደርቃል። ስለዚህ ትልቁ ማድረቂያ ማሽን ሁልጊዜ አጠገባቸው እያጉረመረመ ነው።

ታዲያ ስህተቱም የተሠራው እዚያ ነው። በመጀመሪያው ቀን መቃኛ መሣሪያ አልነበራቸውም። ጋሼ ጆሮውን ወደ ማድረቂያው ጣል አድርጎ፣ «ይቺ ማሽን አትዋሽም፤ ስትነሳም ስታርፍም ያው ናት» አለና የቤዙን ወፍራም ክር በእሷ ቃኘ። ሻካራም ድምጿን በቤዙ ላይ አሳረፈች። ዘጠኝ ዘፈን በዚህ ዓይነት ሠሩ፤ ቀዱም። አንድ ቀን ጊታር የሚጫወት ወዳጃቸው መጥቶ አብሯቸው ቢመታ፣ ሁለት ሰካራሞች በአንድ በር ልግባ ልግባ የሚሉ መሰለ። ለካ ማድረቂያው ዓለም ከሚቃኝበት ድምፅ ትንሽ ዝቅ ብሎ ኖሯል! ቀበቶው ያረጀ ማሽን ነዋ። ጋሼ ያን ዕለት አንገቱን ደፋ። ሻካራ ግን ዘፈኖቹን ደግማ ሰማቻቸውና፣ «ከፍ ሲል የእኔ አይመስለኝም። ይኸው ነው ቤታችን፤ አንነካውም» አለች። አልነኩትም።

የሙዚቃ አሳታሚዎች «ድምፅሽ ገና አልተጠረበም» ብለው መለሷት። ሦስቱ ግድ የለም ብለው ዘፈኖቹን ራሳቸው ኢንተርኔት ላይ ለቀቁ። መጽሐፍ መሸጫ ምድር ቤት ውስጥ ተጫወቱ፤ ልብስ በተሰጣበት የሕንፃ ጣሪያ ላይ፣ ሰው በቀለም ጣሳ ላይ ተቀምጦ እያጨበጨበላቸው ተጫወቱ። ቀስ በቀስ «የሰው ሸሚዝ» የተባለው ዘፈናቸው በየታክሲው መሰማት ጀመረ። በመጨረሻም የቅዳሜ ከሰዓት የቴሌቪዥን ፕሮግራም ጠራቸው። ፕሮግራሙ ከወደዳት የአንድ ዓመት ኮንትራት አለ፤ በየከተማው እየዞሩ መዝፈን፣ ሙዚቃን ሥራዬ ብሎ መኖር። የላውንድሪው ባለቤት ደግሞ፣ «ቅዳሜ ከቀረሽ ሰኞ እንዳትመጪ» ብላታለች። ሻካራ ቀረች። እንግዲህ ወደ ኋላ የሚባል ነገር የለም።

የሙዚቃ ኃላፊውን ስቱዲዮው መሃል አገኘችው። ሰውዬው የሚያገኘውን ሁሉ «የኔ እናት»፣ «የኔ አባት» እያለ የሚያቆላምጥ፣ ሽቶው ቀድሞት የሚገባ ሰው ነው።

«ዘፈኔን ምን አደረጋችሁት?» አለችው፣ ሰላምታም ሳታቀርብ።

«ሰማሽው?» ፊቱ በራ። «አስተካከልነው እኮ የኔ እናት! ሙሉው ከቅኝት ውጪ ነበር። አንድ ደህና ቦታ እንኳ የለውም። እኔ ራሴ ሦስት ቀን ከባለሙያዎቹ ጋር ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብዬ ድምፅሽን ቃል በቃል ነው ያስቃኘሁት። ግጥሙን አሁን ከአንቺ በላይ እኔ አውቀዋለሁ።»

«ማን አስተካክሉ አላችሁ?»

«አንቺ ደግሞ! ቁልፉ የወለቀ ኮት ቢመጣልሽ ቁልፉን አትተክዪም?»

«እኔ ዘንድ ኮት ሲመጣ አጥቤ፣ ተኩሼ ነው የምመልሰው። እጅጌውን ቆርጬ ቀሚስ አላደርገውም!»

ኪቦርድ ተጫዋቹ ከጥግ በኩል ሳቁን ዋጠ። ኃላፊው አልሳቀም።

«የጋሼ ቤዝ የታለ? በማሽን ተካችሁት እንዴ?» ቀጠለች። «ከበሮውስ? ሦስተኛው ስንኝ ላይ ድምፄ ሲሰነጠቅ፣ ሰው የሚወደው እሱን እኮ ነው። የት ወሰዳችሁት?»

«ስንጥቅ ነው ብለሽ ራስሽ ነገርሽኝ። ስንጥቅ ይደፈናል።»

«እሺ፣ እሱን ተዉት። ሦስታችን በቀጥታ እንጫወተው። አንድ ዘፈን ናት።»

«ከጣቢያው ኪቦርድ ጋር አትገጥሙም።»

«የኪቦርዱን ቅኝት ዝቅ አድርጉት። አንድ ቁልፍ መጫን ነው።»

«ይቻላል እኮ፣ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም» አለ ኪቦርድ ተጫዋቹ፣ ጣቱን አስቀድሞ ልኮ።

«ዝም በል አንተ!» ኃላፊው ዞረበት። «እኛ ነን ወደ እነሱ የምንወርደው ወይስ እነሱ ናቸው ወደ እኛ የሚወጡት?» ከዚያ ወደ ሻካራ ተመልሶ ድምፁን አለሰለሰ። «ስሚኝ የኔ እናት። ይሄ ቀጥታ ሥርጭት ነው። በቀጥታ ሥርጭት ማን በቀጥታ ይዘፍናል? ሰው ይሳሳታላ! አንቺ አፍሽን እያንቀሳቀስሽ ፈገግ በይ፤ ሌላው የእኛ ሥራ ነው። ስትጨርሺ ኮንትራቱን እንፈራረማለን። አልፈልግም ካልሽም መብትሽ ነው፤ ተጠባባቂ አለን።»

ተጠባባቂው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል። ብልጭልጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ በስልኩ መስታወት ጥርሱን የሚያይ ጎረምሳ ነው። ሻካራ በአጠገቡ አልፋ መስኮቱ ሥር ቆመችና ለእህቷ ደወለች።

«እታለም፣ ዘፈኔን አበላሽተውብኛል።»

«ምን? አይሰማኝም፣ ቤቱ ጢም ብሏል! የጎረቤት ወንበር አልቀረም። ምን ሆንሽ?»

«በቴፕ ነው የሚያስዘፍኑኝ። የእኔ ድምፅ አይደለም። አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ ነው የሚሉኝ።»

እህቷ በሩን ዘግታ ወደ ውጭ ስትወጣ ተሰማት። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ እናቷ እሷ ናት፤ ስትቆጣም እንደ እናት ነው።

«ስሚኝ። ሌሊት ስትስዪ ነቅቼ የማድረው እኔ ነኝ፤ አንቺማ ተኝተሽ ነው የምትስዪው። ከዚያ እንፋሎት ውጪልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። አምስት ደቂቃ አፍሽን ከፈት ዘጋ ብታደርጊ ምን ይጎድልብሻል? በኋላ የፈለግሽውን ትዘፍኛለሽ።»

«በኋላም ይቺኑ ልጅ ነው የሚያስዘፍኑኝ፣ እታለም። ዓመት ሙሉ። በየከተማው።»

 «እኔ እንጃ» አለች እህቷ፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ። «እኔ ሙዚቃ አላውቅም። ብቻ እዚህ ሰው ሰብስቤ ቲቪው ላይ እንዳላጣሽ። አደራ።»

ለልምምድ ተጠሩ። መድረኩ ላይ አንድ ሠራተኛ የጋሼን ቤዝ ገመድ ነቅሎ በክርኑ ላይ ይጠቀልላል።

«ወንድሜ፣ ይሄ ያለ ገመድ እኮ አይሰማም» አለው ጋሼ በትሕትና።

«አውቃለሁ አባቴ። እንዳይሰማ ነው።»

ጋሼ ትንሽ አሰበና ራሱን ነቀነቀ። ከበሮዎቹን ደግሞ ስፖንጅ አልብሰዋቸዋል። ጥድፊያ አንዷን በዱላው ነካ ቢያደርጋት እንደ ትራስ ዋጠችው። «ወይ ጉድ! ከበሮ ነው ወይስ ፍራሽ?» አለ። 

ዘፈኑ ተለቀቀ። ሻካራ የማይሠራ ማይክ ይዛ፣ አፏን እያንቀሳቀሰች መሃል ቆመች። መጀመሪያ የታያት ጋሼ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ወትሮው አገጩን ወደ ትከሻው ዘንበል አድርጎ ይመታል። የውሸት አይደለም፤ እውነቱን ነው የሚመታው። አጠገቡ ስለነበረች የክሮቹ ቀጭን ትክትክታ ይሰማታል፤ ጣቱ አንድም ቦታ አልሳተም። አንድም ሰው ለማይሰማው ነገር እንዲህ ይጠነቀቃል? 

ዘፈኑ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ጥድፊያ የለመደውን አደረገ። ይህ ልጅ መጨረሻው ሲደርስ ይፈጥናል፤ ቤቱ የተቃጠለበት ይመስል ይሮጣል። ጣሪያው ላይ ሲጫወቱ ሰዉ ይህችን ቦታ ጠብቆ «ና! ና!» እያለ ይነሳል። ማሽኑ ግን አይሮጥም።

«ከበሮ! ቀደምክ!» አለ የኃላፊው ድምፅ በድምፅ ማጉያው።

እንደገና ተጀመረ። እንደገና ሮጠ።

«ከበሮ! አሁንም ቀደምክ! ዝም ብለህ ማሽኑን ተከተል!»

«እሺ፣ እሺ» አለ ጥድፊያ። ሦስተኛውን ጊዜ ጥርሱን ነክሶ፣ ላቡ እየወረደ፣ እጁን በግድ እየያዘ ማሽኑን ተከተለ። «ጎበዝ የኔ አባት! አየህ፣ ስትፈልግ ትችላለህ!» አለው ኃላፊው። የመድረክ ሠራተኞቹ ሳቁ። ጥድፊያም አብሮ ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሻካራ ይህን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

ሥርጭቱ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ሦስቱም ኮሪደሩ ጥግ ተሰበሰቡ።

«እንውጣ!» አለ ጥድፊያ። «ዕቃችንን እናንሳና እንውጣ! ሰው ፊት ፍራሽ አልደበድብም!»

«ቀስ በል» አለው ጋሼ። «እኔ የሰው ዘፈን ስጫወት ነው የሸበትኩት፤ አልሞትኩም። ለእሷ የሚጠቅም ከሆነ ያለ ገመድ አይደለም፣ ያለ ክርም እቆማለሁ።»

«ለእኔ ብለው እንዳይቆሙ፣ ጋሼ» አለች ሻካራ። ዓይኗ ሞላ፤ በእጇ ጀርባ ጠረገችውና የተቀባችውን ሁሉ አዳረሰችው። «ባይሆን በራስዎ ይቁሙ።»

«ታዲያ አትወጪም?» አለ ጥድፊያ።

«ብንወጣ ማን ያውቃል? ያ ብልጭልጩ ይገባል፣ ሰዓቷን ይሞላታል፣ አለቀ። ዘፈኑን ደግሞ ነገ ይለቁታል። ሰው እኔ ነኝ ብሎ ይሰማዋል። ለካ ድምጿ እንዲህ ነው፣ ያኛው ስህተት ነበር ይላል።»

«ስለዚህ ልትዘፍኚላቸው ነው?»

«አላውቅም። መግባቱን ግን እገባለሁ። እታለም እየጠበቀችኝ ነው።»

ገቡ። መብራቱ በራ። አቅራቢዋ ነጭ ጥርሷን ለካሜራው አበርክታ ጀመረች። «ውድ ተመልካቾቻችን፣ የዛሬዋ እንግዳችን የማንንም እጅ ሳትጠብቅ፣ በራሷ መንገድ፣ በራሷ ድምፅ እዚህ የደረሰች ወጣት ናት!» ታዳሚው አጨበጨበ። ሻካራ «በራሷ ድምፅ» የሚለው ላይ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር።

ሙዚቃው ተለቀቀ። ካሜራው ላይ ቀይዋ መብራት በራች። ፈራች፤ ይህን አትክድም። ሰኞ የምትገባበት ሥራ የላትም። እህቷ ጎረቤት ሰብስባ ተቀምጣለች። በሦስት ደቂቃ የምታልቅ ነገር ናት፤ ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ እንጀራ አለ። ማይኩን ወደ አፏ አቀረበች። ግጥሙ ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ እንደምታደርገው አየር ሳበች።

ከዚያም አፏን ገጠመች።

«የስንቱን ሙሽራ ሸሚዝ» አለች ከረሜላዋ ልጅ በየድምፅ ማጉያው፣ «እኔ አሙቄ ሰደድኩት።» ሻካራ ማይኩን ከአፏ አውርዳ፣ ከንፈሯን አጥብቃ፣ ቀይዋን መብራት ትክ ብላ አየቻት። ዘፈኑ ያለ እሷ ቀጠለ። ከታዳሚው መሃል አንድ ሰው ማጨብጨቡን አቆመ፤ ከዚያ ሌላው አቆመ። የአቅራቢዋ ፈገግታ ፊቷ ላይ ደረቀ። ጋሼ ዓይኑን ገልጦ አያት። ነገሩ ሲገባው እጁን ከክሮቹ ላይ አነሳና ኪሱ ከተተው። የማሽኑ ቤዝ ግን መሰማቱን አላቆመም። ጥድፊያ ሁለቱን ዱላዎች ጉያው ውስጥ ወትፎ፣ እጁን አጣምሮ፣ የማሽኑን ከበሮ እንደ እንግዳ ያዳምጥ ጀመር። ፍርሃቷ የት እንደገባ ሻካራ አታውቅም። በሕይወቷ እንዲህ ጮክ ብላ ዘፍና የምታውቅ አልመሰላትም።

ኃላፊው ከካሜራዎቹ ሥር ጎንበስ ብሎ እየሮጠ መጣ። መናገር አይችልም፤ ድምፁ ሥርጭቱ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መድረኩ ጫፍ ላይ ቆሞ በጣቱ አፉን ያሳያት ጀመር። አፍሽን! አፍሽን! ስትዘጋበት ጊዜ ራሱ ይመራት ገባ። አፉን እየከፈተ፣ እየዘጋ፣ ቃል በቃል፣ አንዲት ፊደል ሳያዛንፍ። ሦስት ቀን አስተካክሎታላ! ከንፈሩ ከዘፈኑ ጋር ልክክ ብሎ ገጠመ። ለሚያየው ሰው የምትዘፍነዋ ልጅ እሱ ነበር።

ታዳሚው ውስጥ አንዲት ሴት ሳቋ ፈነዳ። ሁለተኛው ካሜራ ይህ ሳቅ ከየት መጣ ብሎ ወደ መድረኩ ጫፍ ዞረ፤ ኃላፊውን አገኘው፤ ቀይ መብራቱም በራ። ሰውዬው ካሜራውን አላየም፤ ግጥሙን አላቋረጠም።

ሻካራ ወደ እሱ ተራመደች። ሦስተኛው ስንኝ፣ ያ የተደፈነው ቦታ፣ እየመጣ ነበር። ጎንበስ ብላ፣ ለታላቅ ሰው እንደሚሰጥ በሁለት እጇ፣ ማይኩን ዘረጋችለት።